«ይቅር» ስንል ምን ይቀራል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዐቢይ ጾም ከመብልና ከመጠጥ ስለ መከልከል፣ ስለ ስግደት፣ ስለ ምጽዋት በየዐውደ ምሕረቱ ብዙ ትሰማላችሁ። በዚህች ጽሑፍ ግን ስለ አንዲት ቃል ብቻ እንማማራለን። ቃሏ ከአፋችን አትጠፋም፤ «ይቅርታ» ትባላለች።

እስቲ በገበያ ቀን በጊንጪ ከተማ የሚሄድ አንድ ሰው በሐሳባችን እንከተል። መኪና ላይ ወጥቶ «ይቅርታ፣ ይቺ ቦታ ሰው አላት?» ይላል። ገበያው ውስጥ ሰው ሲጋፋው «ይቅርታ፣ አንዴ አሳልፉኝ»፤ የጤፉን ዋጋ ሳይሰማ ሲቀር «ይቅርታ፣ ስንት አልሽኝ?»፤ የአንዲትን እናት እግር ሲረግጥ «ውይ! ይቅርታ እናቴ፣ አላየሁም»። ጉዳይ ሊያስፈጽም ከሄደበት ቢሮ በር ላይ «ሲስተም የለም፣ ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ይጠብቀዋል። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቱን መንገድ ላይ ያገኘዋል። የዚህን ጎረቤት ድንበር ገፍቶ ሁለት ትልም አርሶበታል፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። ቀኑን ሙሉ እንደ ቆሎ ሲበትናት የዋለው ቃል እዚህ ስትደርስ ጉሮሮው ላይ ትቆማለች። ራሱን አዙሮ ያልፋል።

ለምን? አፉ ደክሞት አይደለም። ገበያው ላይ ያላት «ይቅርታ» ምንም አታስከፍልም። እዚህ ግን ዋጋ አላት፤ ሁለት ትልም መሬት፣ ከዚያም በላይ «አጥፍቻለሁ» ማለት አለበት። ታዲያ ጾሙ የሚጠይቀን የትኛዋን ይቅርታ ነው? ይህን ለማወቅ ቃሏን ራሷን ብንጠይቃት ይሻላል።

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

«ይቅር» የመጣው «ቀረ» ከሚለው ግሥ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ ስንል መሄድ ሲገባው አልሄደም ማለታችን ነው። ሠርጉ ቀረ ካልን ሊደረግ የነበረው አልተደረገም። ነጋዴዋ «በቃ አምስት ብሩ ይቅር» ካለችን ልትቀበለን የሚገባትን ገንዘብ ትታልናለች። እንግዲህ «ይቅር» ማለት «አይጠየቅ፣ አይከፈል፣ አይመለስብህ» ማለት ነው። ይቅር የሚል ሰው በእጁ የሚጠይቀው ነገር አለው፤ እውነተኛ ዕዳ አለው። ያንን ነው ይቅር የሚለው። «ምንም አልተደረገም» እያለ አይደለም። ምንም ካልተደረገማ ምኑ ይቀራል?

ግእዙም ይህንኑ ይመሰክራል። አቡነ ዘበሰማያት ስንጸልይ በደላችንን እንዲተውልን የምንለምንበት ቃል «ኅድግ» ነው፤ ተው፣ ልቀቅ ማለት ነው። ሐዋርያት ጌታ ሲጠራቸው መረባቸውን ትተው እንደ ተከተሉት በሚነገርበት ቦታም የግእዙ ወንጌል ይህንኑ «ኀደገ» የሚለውን ግሥ ይጠቀማል (ማቴ. 4፥20)። ወንጌል በተጻፈበት በጽርእ ቋንቋም መተውና ይቅር ማለት አንድ ግሥ ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአፋን ኦሮሞ ይቅርታ «ዺፈማ» ነው፤ «ዺሱ» መተው ነውና። ጊንጪ ላይ አንዷ እናት በአማርኛ፣ ጎረቤቷ በኦሮምኛ ሲጸልዩ ሁለቱም እግዚአብሔርን «ተውልን» ነው የሚሉት።

የመረቡን ነገር ልብ በሉት። ለጴጥሮስ መረቡ እኮ እንጀራው ነበር። ቂምም አንዳንዴ እንጀራ ይሆናል። ጠዋት ሲነሣ የሚያስበው፣ ከሰው ጋር ሲቀመጥ የሚያወራው፣ ማታ ሲተኛ የሚያገላብጠው እርሱን ብቻ የሆነ ሰው አለ። በቂሙ ይኖራል። ተወው ስትሉት ቢደነግጥ አትፍረዱበት፤ ባዶ እጁን ሊቀር ነው።

ስለ «ሶሪ»

ከተማ ቀመስ ወጣቶቻችን አሁን አሁን «ይቅርታ»ን ትተው «ሶሪ» ማለት ይዘዋል። ይህን የምናነሣው ቃሉ ባዕድ ነው ብለን ለመውቀስ አይደለም። የዱሮ ሰዎችም «አፉ በሉኝ» ሲሉ ከዐረብኛ የተዋሱትን ነበር የሚናገሩት። ነገር ግን ቃሉን የምንለው ካልቀረ ምን እንደምንል እንወቅ።

«ሶሪ» በእንግሊዝኛ የተወለደው ሕመም ወይም ቁስል ከሚለው ቃል ነው። «አመመኝ፣ አዘንኩ» እንደ ማለት ነው። እንግሊዞች ሰው ለሞተበትም «ሶሪ» ይሉታል፤ እኛ «እግዚአብሔር ያጽናህ» በምንልበት ቦታ። ስለዚህ «ሶሪ» የሚናገረው ስለ ተናጋሪው ልብ ነው እንጂ ከተበደለው ሰው የሚጠይቀው ነገር የለም። መልሱም «ችግር የለም» ነው። እነርሱ ራሳቸው ከልብ ይቅር ማለትን ሲፈልጉ «ፎርጊቭ» ወይም «ፓርደን» ይላሉ፤ በሁለቱም ቃላት ውስጥ «መስጠት» አለ። አንዱ ይለምናል፣ ሌላው ይሰጣል።

በእኛ አነጋገር «ሶሪ» ከጸጸት ጋር ነው የሚመሳሰለው። ጸጸት መልካም ነው፤ ያለ እርሱ ንስሐ የለም። ግን ብቻውን አይበቃም። ይሁዳ እኮ ተጸጽቷል፤ ሠላሳውን ብር እንኳ መልሷል (ማቴ. 27፥3)። ያላደረገው ወደ በደለው ጌታ መሄድ ነው። ጴጥሮስም ምርር ብሎ አለቀሰ (ማቴ. 26፥75)፤ በኋላ ግን በባሕሩ ዳር ጌታ ሲጠይቀው ፊቱን ሳያዞር መለሰ (ዮሐ. 21)። ሁለቱም አዝነዋል፤ የሄደው አንዱ ነው።

«ይቅር በለኝ» ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። የተባለው ሰው «ምንም አይደል» ብሎ ሊያልፍ አይችልም። ወይ ይቅር ይላል፣ ወይ እንቢ ይላል። ለዚህም ነው ሽማግሌዎቻችን «ይቅር ለእግዚአብሔር በሉ» ብለው አፍ አውጥተው እንዲናገሩ የሚያደርጉት። ጭንቅላት መነቅነቅ አይቀበሉም፤ ልክም ናቸው።

ዕዳው ስንት ነው?

ጌታችን ስለ ይቅርታ ጴጥሮስ ሲጠይቀው የመለሰለት በሒሳብ ነው (ማቴ. 18፥21-35)። አንድ አገልጋይ ለንጉሡ 10,000 መክሊት ዕዳ ነበረበት። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው (ማቴ. 20፥2)። ስታሰሉት 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይመጣል። አንድ ቀን ሳያርፍ ቢሠራ ከ164,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ንጉሡ ተወለት። አገልጋዩ ከበሩ ሳይርቅ 100 ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን አገኘና አነቀው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በስብከት የሚዘለል ነገር አለ። መቶ ዲናር ቀላል አይደለም። ከሦስት ወር በላይ የጉልበት ዋጋ ነው። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው የሦስት ወር ደመወዝ ቢካድ ቤቱ ይፈርሳል። ጌታ «የበደለህ ነገር ትንሽ ነውና ተወው» አላለም። ሰው ላይ የደረሰውን በደል «ይሄማ ምን አለው» እያልን የምናቃልል ሁሉ ይህን እናስብ። የተበደለው ሰው በእውነት ተበድሏል። የተባለው ነገር ለእርሱ የተተወለት ከዚህ ስድስት መቶ ሺህ እጥፍ እንደሚበልጥ ነው።

ዕዳ ከሆነ ደግሞ መጠኑ መነገር አለበት። ጾም ሲገባ፣ በዓል ሲደርስ በስልክ የሚላኩ መልእክቶችን ታውቋቸዋላችሁ፤ «አውቄም ሆነ ሳላውቅ አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ»። ለሁለት መቶ ሰው አንዴ ይላካል። ሳያውቁ ላጠፉት መጠየቅ ትሕትና ነው፤ አንነቅፈውም። ግን በደንብ የሚያውቀውን በደል «ከሆነ» በምትል ቃል ሸፍኖ ለሁለት መቶ ሰው ካካፈለው የተበደለው ሰው ምን ደረሰው? «ከሆነ» ማለት እኮ «አንተ ተቀየምክ እንጂ እኔ አላጠፋሁም» ማለት ሊሆን ይችላል። ዳዊት ነቢዩ ናታን ሲገሥጸው ኃጢአቱን ተቀበለ እንጂ «አስቀይሜ ከሆነ» አላለም (2ኛ ሳሙ. 12፥13)። ንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብም ኃጢአታችንን በየስሙ የምንናገረው ለዚህ ነው።

ያ ገበሬ እንግዲህ ጎረቤቱ ቤት ቢሄድ ምን ማለት አለበት? «በእንትን ዓመት፣ በዚህኛው ማሳ፣ ሁለት ትልምህን ወስጃለሁ» ይበል። ከዚያ በፊት ግን ትልሙን ይመልስ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው (ሉቃ. 19፥8)። መሬቱን እያረሱ፣ ምርቱን እየበሉ ይቅርታ መጠየቅ ማላገጥ ነው። የኛ አገር ሰው ድሮ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ሲጠይቅ ሸክሙን በትከሻው ያሳይ ነበር። በኦሮሞም ባህል በጉማ ሥርዓት ሽማግሌዎች አራራ ሲያወርዱ ካሣው ይነገራል፣ ይቆረጣል። አያቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር።

እኅቶቿ

ምሕረት የይቅርታ እኅት ናት፤ ከላይ ወደ ታች ነው የምትወርደው ግን። ጎረቤታችንን «ማረኝ» አንለውም። «ማረን» የምንለው እግዚአብሔርን ነው፤ እግዚኦታ ስናደርስ፣ ኪርያላይሶን ስንል ልመናችን ይኸው ነው። የሚያስነጥሰውን «ይማርህ»፣ የታመመውን «እግዚአብሔር ይማርህ»፣ የሞተውን «ነፍስ ይማር» እንላለን። ለጉንፋንም፣ ለሞትም፣ ለኃጢአትም አንድ ቃል! የምንኖርበትን ዘመን ራሱ «ዓመተ ምሕረት» ብለን እንቆጥራለን። የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን ስናከብር የምንማጸነውም በዚህችው ቃል ነው።

ሁለተኛዋ እኅት መፍታት ናት። «አባቴ ይፍቱኝ»፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚባለው ጌታ ለሐዋርያት የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ስለ ሰጣቸው ነው (ማቴ. 18፥18)። እርሷ የካህናት ናት፤ እኛ አንዳችን ሌላውን «ፈትቼሃለሁ» አንልም።

የሀገራችን ሕግ እንኳ ይለያቸዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 229 ስለ ይቅርታ፣ በአንቀጽ 230 ስለ ምሕረት ይደነግጋል። በይቅርታ ቅጣቱ ይቀራል ወይም ይቀልላል፤ ፍርዱ ግን መዝገብ ላይ ይኖራል። በምሕረት ፍርዱ ራሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሕጉ ስለ መንፈሳዊ ነገር አይናገርም፤ ልዩነቱ ግን ለእኛም ይጠቅመናል። «ይቅር ብያለሁ፣ ግን ሊረሳኝ አልቻለም፤ ይቅርታዬ ውሸት ይሆን?» እያሉ የሚጨነቁ ብዙ ምእመናን አሉ። አትጨነቁ። ሰው የሚችለው ዕዳውን መተው ነው። መዝገቡን የሚፍቅ እግዚአብሔር ነው። ትዝታው ሲመጣ «ትቼዋለሁ» ማለት ብቻ ነው የእናንተ ሥራ፤ ነገም ቢመጣ፣ ከነገ ወዲያም ቢመጣ። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው በአንድ ሰው ላይ ለአንድ በደል ቢሆንስ?

ይቅር የሚለው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ በጊንጪ ሲነሣ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዚህች ከተማ በተማሪዎች የተጀመረው ተቃውሞ ወደ ብዙ የኦሮሚያ ከተሞች ተዛምቶ ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሰው ታስሯል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዙ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባደረጉት ንግግር ሕይወታቸው ስላለፈው ዜጎች ይቅርታ ጠይቀዋል። ከዚያ ወዲህም በዚህ ዞን ሐዘን አልጠፋም።

የመንግሥት ባለሥልጣን ይቅርታ መጠየቁ መልካም ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ግን ለማን ነው? ዕዳን የሚተው ባለ ዕዳው ያለበት ሰው ሳይሆን ገንዘቡ የወጣበት ሰው ነው። በአዳራሽ ማጨብጨብ ይቻላል፤ ጭብጨባ ግን ይቅርታ አይደለም። ይቅር ማለት የምትችለው ልጇን የቀበረችው እናት ናት። ሰባኪውም፣ ሽማግሌውም፣ ይህን የሚጽፈውም ሰው በእርሷ ስም «ይቀር» ማለት አይችሉም።

ስለዚህ ለቅሶ ቤት ገብተን ገና ሳንቀመጥ «ይቅር በይ እንጂ፣ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?» አንበል። መጀመሪያ አብረን እንቀመጥ። ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ወዳጆቹ ከሁሉ የተሻለ የሠሩት ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት የተቀመጡ ጊዜ ነው (ኢዮ. 2፥13)፤ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላማ የሆነውን ታውቃላችሁ። ልቧ እንቢ ያላት እናት «ጌታዬ ሆይ፣ ይቅር ማለት አቅቶኛል፤ አንተ አስችለኝ» ብላ ብትጸልይ ጀምራለች። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሆኖ ለሰቀሉት ወደ አባቱ ነው የለመነው (ሉቃ. 23፥34)።

ሌላም ነገር አለ። ይቅር ማለት በአንድ ሰው ይሆናል፤ ዕርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። እናታችን ክርስቶስ ሠምራ በገድሏ እንደምናነበው እግዚአብሔር ዲያብሎስን እንዲምረው ለመነች፤ ሄዳም ጠራችው። እርሱ ግን መታረቁን ትቶ እርሷን ወደ ሲኦል ሊጎትታት ሞከረ፤ ቅዱስ ሚካኤልም አዳናት። የእርሷ ልብ ሙሉ ነበር፤ ዕርቁ ግን አልሆነም። ባሏ የሚደበድባት ሚስት «ይቅር ብያለሁ» ብትልና ዱላው እስኪቆም ወደ ቤት ባትመለስ ይቅርታዋ ሐሰት አይደለም። ቶሎ ግቢ እያሉ የሚያጣድፏት ሽማግሌዎች መጀመሪያ ዱላውን ከባልየው እጅ ይቀበሉ።

ዕርቅ ሲሆንስ? በ1984 ዓ.ም. ተለያይተው የነበሩት በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ያሉት አባቶች በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ሲታረቁ በሁለቱም ወገን የነበረው ውግዘት ተነሣ፤ የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም በጸሎት እንዲጠራ ተወሰነ። አቡነ መርቆሬዎስ ሐምሌ 25 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ በ2014 ዓ.ም. እስኪያርፉም በሀገራቸው ኖሩ። ሃያ ስድስት ዓመት! ከዚያ በጥር 2015 ዓ.ም. በጎረቤታችን በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ በተፈጸመው ሹመት ቤተ ክርስቲያን እንደ ገና ተፈተነች፤ ውግዘት ተላለፈ፤ ምእመናን የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሰው ጾሙ፤ የካቲት 8 ቀን ስምምነት ላይ ተደረሰ። አባቶች እንኳ የሚፈተኑበት ነገር ነውና በየቤታችን ቢከብደን አይግረመን።

አንዳንድ የሚጠየቁ ነገሮች

«ቅዳሴ ላይ ሰላም ተባባሉ ሲባል ግራና ቀኝ እጅ ነሥቻለሁ፤ አይበቃም?» ይሉናል። የተጣላችሁት ሰው ከጎናችሁ ከቆመ መልካም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሌላ ጥግ ፈልጎ ነው የሚቆመው፤ እናንተም ያንን አይታችሁ ነው ቦታ የመረጣችሁት። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ ነው ያለው (ማቴ. 5፥23-24)። ለመቍረብ ያሰባችሁ ሆሳዕናን ሳትጠብቁ አሁኑኑ ሂዱ፤ በሰሙነ ሕማማት ሁሉም ሰው ስግደት ላይ ነው፣ ሽማግሌም አይገኝም።

«ሄጄ ብጠይቀው እንቢ ቢለኝስ?» ሌላ ቀን ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ። እንቢታው እስኪለዝብ ጊዜ መስጠት የእናንተ የዕዳ ክፍያ ነው፤ እርሱ ሦስት ዓመት ጠብቋል።

«የበደልኩት ሰው ሞቷል፤ ማንን ልጠይቅ?» ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱና ነገሩን በስሙ ተናገሩ። የወሰዳችሁት ነገር ካለ ለልጆቹ መልሱ፤ ልጆች ከሌሉት በስሙ ለነዳያን ስጡ፤ በጸሎተ ፍትሐቱና በተዝካሩ ቀን ሳትታዩ አትቅሩ። ልጆቹ «ለምን ትሰጠናለህ?» ካሉም እውነቱን ንገሯቸው፤ የአባታቸውን ፈንታ ይቅር ማለት የሚችሉት አሁን እነርሱ ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።